አጣናው በነጻ አይደለም

በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ፎቅ የሚያስጀምር ባለቤት ወለሉን ሲያሰላ ሲሚንቶና ፌሮ ይቆጥራል፤ ኮንክሪቱን የሚደግፈውን አጣና ግን ከወጪ አይጽፈውም። ባሕር ዛፍ ከአታት እስከ ቡታጅራ በየደጁ የበቀለ ነውና ወጪ አይመስልም። ስለዚህ ዴክ ላሜራ፣ ማለትም ኮንክሪት የሚፈስበት የታጠፈ የብረት ሉህ፣ የአዲስ አበባ ቅንጦት ነው፣ ለእኛ አጣና ይበቃናል የሚለው ሐሳብ ሳይመረመር ይደጋገማል። ስሕተቱ ከመነሻው ነው፤ ላሜራን ከአጣና ጋር ብቻ ያወዳድራል። 200 ካሬ ሜትር ስፋት፣ 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን ሶሌታ እንውሰድ። 30 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ማለት ነው፤ ክብደቱ ከ70 ቶን ይበልጣል። አጣናው በየ80 ሳንቲ ሜትሩ ቢቆም ከ300 በላይ ያስፈልጋል፤ አንዱ ቀጥ ያለ፣ አንዱ የጎበጠ፣ ሌላው አጥሮ ከሥሩ ድንጋይ የተሸጎጠለት። ኮንክሪቱ እስኪጠና የታችኛው ክፍል ለሳምንታት ጫካ ይሆናል፤ ግንበኛም ኤሌክትሪሻንም አይገባበትም፣ የባንክ ወለድ ግን ይቆጥራል። መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. በአረርቲ ማርያም ቤተ ክርስቲያን የእንጨት ርብራብ ተደርምሶ ቢያንስ 36 ሰዎች ሞተዋል። ያ ሰው የወጣበት መወጣጫ እንጂ የሶሌታ ድጋፍ አልነበረም፤ ሁለቱን ማምታታት አይገባም። እንጨት ሲከዳ ጊዜ እንደማይሰጥ ግን ያስታውሳል።

ዴክ ላሜራ በብረት ተሸካሚዎች ላይ ይነጠፋል። ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆንም እጥፋቶቹ ያጠነክሩታል፤ ተሸካሚዎቹ እስከ 3 ሜትር ቢራራቁ አብዛኛውን ጊዜ እርጥቡን ኮንክሪት ያለ ድጋፍ ይይዛል። ዋናው ነገር ከዚያ በኋላ ነው፦ አይነሳም። በላዩ የታተሙት ጉብታዎች ኮንክሪቱን ጨብጠው ስለሚይዙት የታችኛውን ፌሮ ሥራ ይሠራል። በእጥፋቶቹ መካከል የሚቀረው ክፍተት ኮንክሪት ይቆጥባል፣ ወለሉም ይቀላል፤ በስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ላይ ለተቀመጠችው ቡታጅራ የሕንፃ ክብደት ተራ ነገር አይደለም። ዕውቀቱም እንግዳ አይደለም፤ በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ አራተኛ ክፍል የብረትና ኮንክሪት ጥምር መዋቅርን የሚመለከት ነው።

ጠንካራው ተቃውሞ የውጭ ምንዛሪ ነው። ከሐምሌ 2016 የገበያ ምንዛሪ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ብረት ተወድዷል፣ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን የፌሮውም ጥሬ ዕቃ በአብዛኛው ከውጭ ነው፤ ላሜራው ደግሞ ፌሮውን በከፊል ይተካል። እሳት ሌላው ስጋት ነው፤ የጋለ ላሜራ ጉልበቱን ቶሎ ያጣል፤ ስለዚህ በየእጥፋቱ ፌሮ፣ ከላይ ደግሞ መረብ ይጨመራል። የበያጅ ብቃት ግን መልስ የማገኝለት ጥያቄ አይደለም፤ ወለሉን ከብረት ተሸካሚው ጋር የሚያስረውን ማያያዣ ያልሠለጠነ እጅ ከበየደው ጥምረቱ ከንቱ ይሆናል፣ ሥልጠናው ከላሜራው መቅደም አለበት። ከዚህ የከፋው የጣሪያ ቆርቆሮ አንጥፎ ዴክ ማለት ነው። ቆርቆሮው ከግማሽ ሚሊ ሜትር ይሳሳል፣ የሚጨብጥ ጉብታም የለው፤ ከታቹ ፌሮ ከተቀነሰ ወለሉ የሚይዘው የለውም። ጂ+1 መኖሪያ የሚሠራ ሰው አጣናውን አይተው፤ ለአንድ ሶሌታ የብረት አጽም ማቆም አያዋጣም። ጂ+4 የንግድ ሕንፃ የሚያስጀምር ግን ከመሐንዲሱ ሁለት ዋጋ ይጠይቅ፤ በሁለቱም ላይ ከብሩ ጎን ሥራው የሚፈጀው ቀን ይጻፍበት።