መምህሩ ማብሪያና ማጥፊያ አይደለም

በ1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሰፋፊ ቴሌቪዥኖች ተተከሉ። ሕዝቡም ተማሪውም «ፕላዝማ» አላቸው። ትምህርቱ በደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ፣ በእንግሊዝኛ ተነግሮ፣ በሳተላይት ለመላ አገሪቱ በአንድ ጊዜ ይተላለፍ ነበር። ከክፍለ ጊዜው አብዛኛውን የሚወስደው ቴሌቪዥኑ ሲሆን፣ ለመምህሩ የሚተርፉት መግቢያና መዝጊያ ላይ ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነበሩ። ያልገባው ተማሪ እጁን ቢያወጣ ስክሪኑ አያየውም፤ መምህሩ ያስቁመው ቢል ሥርጭቱ አይጠብቀውም። መብራት የጠፋ ዕለት ደግሞ ትምህርቱ እንዳለ ያልፋል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው።

የዚያን ዘመን ሐሳብ አፍላቂዎች ምክንያት አልነበራቸውም ማለት ግን ሐሰት ይሆናል። ብቁ መምህር ያጠረው ትምህርት ቤት ብዙ ነበር። የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ አይቶ የማያውቅ የገጠር ተማሪ ሙከራው ሲካሄድ በዓይኑ እንዲያይ መፈለግ፣ የጠረፍ ልጅ የአዲስ አበባው ልጅ የሚማረውን እንዲማር መመኘት የሚነቀፍ ነገር አይደለም። ስሕተቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ያ ሁሉ ገንዘብና መሣሪያ የመጣው የመምህሩን ጉድለት በመምህሩ ላይ ዘሎ ለማለፍ እንጂ መምህሩን ለመሙላት አልነበረም። ከዓመታት ሥርጭት በኋላ «ተማሪው ምን ተማረ?» የሚል ጠያቂ አልጠፋም፤ «መምህሩስ ምን ተማረ?» ብሎ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው።

በወረቀት ላይ መልሱ ተጽፎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የኢትዮጵያ የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ማዕቀፍ፣ መምህራን «ተሙማ» የሚሉት፣ እያንዳንዱ መምህር በየዓመቱ 60 ሰዓት ሙያውን እንዲያሳድግ ይጠይቃል። አዲስ ተቀጣሪም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ልምድ ባለው ባልደረባ እንዲታገዝ ያዛል። ሐሳቡ መልካም ነው። በሥራ ላይ ሲውል ግን በብዙ ትምህርት ቤት ተሙማ ማለት ፖርትፎሊዮ መሙላት ሆኖ ቀረ፤ ዶሴው ሲወፍር ማስተማሩ ባለበት ይረግጣል።

ዛሬ ያ ዶሴ ወደ ስልክና ታብሌት እየተሸጋገረ ነው። ሥጋቱም እዚህ ላይ ነው። ባዶ ቅጽ በስክሪን ላይ ቢሞላም ባዶ ቅጽ ነው። መምህሩ ቪዲዮውን ከፍቶ፣ አምስት ጥያቄ መልሶ፣ የምስክር ወረቀቱን አውርዶ በማግሥቱ እንደ ትናንቱ ካስተማረ፣ «ዲጂታል» የሚለው ስም የተለጠፈው በአሮጌው በሽታ ላይ ነው።

የጎረቤት ኬንያ ተሞክሮ ሁለቱንም ፊት ያሳያል። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. በ2021 የተጀመረው የመምህራን ሙያ ማሳደጊያ ፕሮግራም ከእያንዳንዱ መምህር በዓመት 6,000 ሽልንግ የሚያስከፍል ሆኖ ሲመጣ የመምህራን ማኅበራት ተቃወሙት። ተቃውሟቸው ትክክል ነበር። መንግሥት ግዴታ ያደረገውን ሥልጠና ሠራተኛው ከደመወዙ እንዲከፍል ማድረግ ማስተማር ሳይሆን ማስገበር ነው።

በዚያው በኬንያ ግን ሌላ ትምህርትም ይገኛል። ከቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር በምትገኘው በኪሱሙ ካውንቲ አንድ ጥናት ተካሂዶ ነበር። በአንደኛው ወገን መሣሪያው ለተማሪዎች፣ በሁለተኛው ለመምህራን፣ በሦስተኛው ደግሞ መምህራንን እየዞሩ ለሚደግፉ ባለሙያዎች ተሰጠ። ሦስቱም ወገኖች ከፕሮግራሙ ውጭ ከነበሩት ትምህርት ቤቶች የተሻለ የንባብ ውጤት አስመዘገቡ፤ እርስ በርሳቸው ሲነጻጸሩ ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ለየተማሪው መሣሪያ መግዛትና ብዙ ትምህርት ቤቶችን ለሚዞር ለአንድ ባለሙያ መግዛት በወጪ ምን ያህል እንደሚራራቁ ለማወቅ የሒሳብ ሊቅ መሆን አያሻም። እ.ኤ.አ. በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው «ቱሶሜ» የተባለው የንባብ ፕሮግራምም ታብሌቱን የሰጠው ለእነዚሁ ደጋፊ ባለሙያዎች ነው። ባለሙያው ክፍል ገብቶ ትምህርቱን ይከታተላል፤ ያየውን በታብሌቱ ይመዘግባል፤ ጥቂት ልጆችን ያስነብባል፤ ከዚያ ከመምህሩ ጋር ተቀምጦ ይመካከራል። መሣሪያው ሰውን ከሰው አገናኘ እንጂ ሰውን አልተካም። የጉድኝት ሱፐርቫይዘር ላላት ኢትዮጵያ ይህ ባዕድ ሐሳብ አይደለም።

«አስቀድሞ ጠመኔና ወንበር ይሟላ፤ ከዚያ ስለ ቴክኖሎጂ እንነጋገራለን» የሚሉ ወገኖች አሉ። ቁጭታቸው ይገባል፤ መደምደሚያቸው ግን አያስኬድም። ስልኩ ጠመኔውን ሳይጠብቅ የመምህሩ ኪስ ገብቷል። መምህራን ማንም ሳያዛቸው በቴሌግራም መጽሐፍና የፈተና ወረቀት ይለዋወጣሉ። ጥያቄው ቴክኖሎጂው ይግባ አይግባ ሳይሆን ለማን ይታዘዝ የሚለው ነው።

ለመምህሩ እንዲታዘዝ ከተፈለገ አራት ነገሮች ሊሟሉ ይገባል። የመጀመሪያው ጊዜ ነው። 60ው ሰዓት ከክፍለ ጊዜ ድልድሉ ውስጥ ካልተቆረጠ የሚቆረጠው ከመምህሩ እንቅልፍ ነው። ሁለተኛው ወጪ ነው፤ የኢንተርኔቱን ሒሳብ አሠሪው ይክፈል፤ ኔትወርክ በሌለበት ደግሞ ትምህርቱ በሚሞሪ ካርድ ይድረስ።

ሦስተኛው ቋንቋ ነው፤ ብዙ የማይወራለትም ይኸው ነው። የአንደኛ ደረጃ መምህሩ የሚያስተምረው በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛ፣ በሲዳምኛ ነው፤ በኢንተርኔት የሚቀርብለት የሙያ ትምህርት ግን በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። ክፍልፋይን በአማርኛ ለሚያስረዳ ሰው ክፍልፋይን እንዴት ማስረዳት እንደሚቻል በባዕድ ቋንቋ መንገር፣ ዋናውን ሥራ፣ ማለትም ትርጉሙን፣ በእርሱ ጫንቃ ላይ ጥሎ መሄድ ነው። መልካም ትርጉም ገንዘብ ይጠይቃል፤ የታብሌት ግዢ የሚፈቅድ በጀት ለትርጉም አነሰኝ ሊል አይገባውም።

አራተኛው እምነት ነው። አንድ መምህር ሲያስተምር በባልደረባው ስልክ ተቀርጾ፣ ከሥራ በኋላ ሦስት ሆነው ተመልክተው «እዚህ ጋ ልጆቹ ጠፍተውብሃል፤ ጥያቄውን ራስህ መለስከው» ቢባባሉ፣ ከየትኛውም የአዳራሽ ሥልጠና የበለጠ ይማራሉ። ያ ቪዲዮ በማግሥቱ በርእሰ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ለውጤት ምዘና ከተገኘ ግን ዳግመኛ የሚቀረጽ አይኖርም። መማሪያና መቅጫ በአንድ መሣሪያ አይስማሙም። ስለዚህ ቀረጻው የመምህሩ ንብረት መሆኑ በደንብ ይደንገግ።

እነዚህ አራቱ ርካሽ አይደሉም። ይሁንና ጊዜ፣ ሒሳብ፣ ቋንቋና እምነት ሳይኖሩ የሚገዛ መሣሪያ እጅግ ይወደዳል፤ የፕላዝማው ዘመን ምስክር ነው። ያኔ የመምህሩ ጣት ማብሪያው ላይ ዋለ። አሁን በእጁ ላለው ስልክ ያው ዕጣ እንዳይደርሰው ከተፈለገ፣ የሚቀጥለው ግዢ ከመፈረሙ በፊት አንድ ሰው ሊጠየቅ ይገባዋል፤ እርሱም ራሱ መምህሩ ነው።