ኖራና ሎሚ

በዓል ሲቃረብ ግድግዳን ኖራ መቀባት የቆየ ልማዳችን ነው። በዚህ ወር ልጽፍላችሁ ያሰብሁት ስለዚሁ ኖራ ነው፤ ምክንያቱን ወደ ታች እናገራለሁ። አስቀድሞ ግን ነገሩን ከሥሩ እንመልከት።

በኬሚስትሪ ትምህርት አሲድ የሚባለው ለሎሚ፥ ለኮምጣጤና ለቦካ ሊጥ ኮምጣጣነትን የሚሰጠው ነው። ቤዝ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ሆኖ፥ በውሃ ሲሟሟ እጅን እንደ ሳሙና ያሟልጫል፤ ከአመድ የሚጠልለው ውሃ ከዚህ ወገን ነው። ኃይላቸው ፒኤች በሚባል መስፈሪያ ይለካል። 7 መካከለኛው ነው፤ ከ7 በታች አሲድ፥ ከ7 በላይ ቤዝ ይባላል። የሎሚ ጭማቂ 2 ገደማ ሲሆን የኖራ ውሃ ከ12 ይበልጣል። በአገራችን ምድር ሁለቱም ወገን ይገኛል፤ በአፋር ዳሎል ያሉት ኩሬዎች እጅግ የበረቱ አሲድ ሲሆኑ፥ ከአዲስ አበባ ወደ ጭሮ ስትመጡ መተሐራ ላይ የምታዩት የበሰቃ ሐይቅ ግን ወደ ቤዝ ያደላ ነው።

እነዚህ ሁለቱ በተገናኙ ጊዜ አንዱ የሌላውን ኃይል ያጠፋል፤ ከእነርሱም ውሃና ጨው ይወለዳሉ። ጨው ስንል ወጥ የምናጣፍጥበትን፥ በግእዝ ጼው የሚባለውን ብቻ አይደለም፤ እርሱ ከብዙ ወንድሞቹ አንዱ ነው።

ከወንድሞቹም አንዱ በግድግዳችሁ ላይ አለ። የኖራ ድንጋይ በሐረርጌ ምድር ብዙ ነው፤ በድሬዳዋ የሲሚንቶ ፋብሪካ የተተከለውም በዚሁ ድንጋይ ምክንያት ነው። ድንጋዩ በእሳት 900 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ በውስጡ የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ የቀረውም ውሃ በነካው ጊዜ እየጮኸና እየፈላ ኃይለኛ ቤዝ ይሆናል። በጥብጠን ከቀባነው በኋላ ያንኑ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፥ ይኸውም ከውሃ ጋር ሲገናኝ ደካማ አሲድ የሚሆነውን፥ ከአየር ቀስ በቀስ እየሳበ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። እንግዲህ የደረቀው ነጭ ግድግዳ ጨው ነው፤ ብትልሱት ግን አይጣፍጥም። ያልደረቀው ኖራ ገና ቤዝ ነው፥ ሥጋንም ያቃጥላል።

ይህን ለ8ኛ ክፍል ተማሪዎች አስተምሬ ነበር። ሰሌዳው ላይ «አሲድ ሲደመር ቤዝ፥ ጨውና ውሃ» ብዬ ጽፌ፥ «አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል» ብዬ አለፍሁ።

ከጥቂት ቀን በኋላ፥ የጥምቀት ሰሞን፥ ከተማሪዎቼ አንዱ ለእናቱ ኖራ ሲበጠብጥ ፍንጣሪው በ5 ዓመት ታናሽ ወንድሙ ዓይን ገባ። ልጁ ብልህ ነው፤ ትምህርቱንም በልቡ ይዞ ኖሮ ሮጦ ሎሚ አመጣ፥ ለሁለትም ሰነጠቀው። ጩኸቱን ሰምተው የደረሱ አንዲት የጎረቤት አሮጊት እጁን ያዙት። «ሎሚውን ጣለው፥ አንተ ልጅ! ውሃ አምጣ፥ ውሃ!» አሉት። በዚያ ሰሞን ቧንቧው ደርቆ ስለ ነበር በቤቱ የነበረው ለበዓሉ የተጠራቀመ ሁለት ጀሪካን ውሃ ብቻ ነው። እርሳቸውም ሳይሳሱ ሁለቱንም ቀስ እያደረጉ በሕፃኑ ዓይን ላይ አፈሰሱት። ከዚያም ወደ ሐኪም ወሰዱት፤ ዓይኑም ተረፈ።

በማግሥቱ ተማሪው መጥቶ፥ «መምህር፥ ያስተማሩን ሐሰት ነበርን?» አለኝ። ሐሰትስ አልነበረም፤ ነገር ግን ጎዶሎ ነበር። አሲድና ቤዝ ሲገናኙ ሙቀት ይወጣል፤ ይህን ሰሌዳው ላይ አልጻፍሁም። በዓይን ውስጥ የሚወጣ ሙቀት ሁለተኛ ቃጠሎ ነው። ዳግመኛም የሎሚው መጠን ከኖራው ጋር እንዲተካከል በዚያ ጭንቀት ማን ሰፍሮ ያውቃል? ቢበዛ ሎሚው ራሱ ይጎዳል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ የጊዜው መባከን ነው። ኃይለኛ ቤዝ የሰውነትን ቅባት ወደ ሳሙና እየለወጠ ወደ ውስጥ ይዘልቃልና፥ ለዓይን ከብዙዎቹ አሲዶች ይልቅ ያሰጋል። ውሃ ግን ያቀጥነዋል፥ ያበርደዋል፥ ጠርጎም ያወጣዋል።

ስለዚህ ኖራ፥ በረኪና ወይም የባትሪ አሲድ ዓይን ሲነካ የዓይኑን ቆብ ከፍቶ ቢያንስ 30 ደቂቃ ያህል ንጹሕ ውሃ ማፍሰስ፥ ከዚያም ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ከቆቡ ሥር የኖራ ቅንጣት ሊቀር ይችላልና ይህንም ለሐኪሙ ንገሩት። ልጅ በረኪና ጠጥቶ ቢገኝም ሎሚ አይሰጠው፤ እንዲያስመልሰውም አታድርጉ፥ የወረደበትን ጉሮሮ ሲመለስ እንደ ገና ያቃጥለዋልና። በረኪናን ከኮምጣጤ ወይም ከሌላ አሲድ ጋር በአንድ ባልዲ አትቀላቅሉ፤ ክሎሪን የሚባል መርዛም ጋዝ ይወጣዋል።

«ለቃር የሚታዘዘው ነጭ መድኃኒትስ ቤዝ አይደለምን?» ትሉ ይሆናል። ነው፤ ነገር ግን ደካማ ነው፥ መጠኑም በማንኪያ የተለካ ነው።

ከዚያ ወዲህ ይህን ትምህርት ስጀምር በሰሌዳው ላይ ከመጻፌ በፊት የሙቀት መለኪያውን በብርጭቆው ውስጥ አቆማለሁ። ያ ተማሪ ዘንድሮ 10ኛ ክፍል ገብቶአል፤ ጊዜ ባገኘ ቁጥር ወደ 8ኛ ክፍል ይመጣና መለኪያው ከፍ ሲል ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያነብልኛል።