ስድስት ወንድ ጉፒ፣ ከዚያ በላይ የለም

በ40 ሊትር ገንዳ ስድስት ጉፒ፤ ስድስቱም ወንድ። ከ40 ሊትር ባነሰ ገንዳ አንድም ጉፒ አይግባ። አቋሜ ይኸው ነው። «ትንሽ ዓሣ እኮ ነው፣ ሃያም ጨምርበት» የሚል ሻጭ ባጋጠመኝ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

እስቲ ከሊትሩ እንጀምር። «25 ሊትር ይይዛል» ተብሎ የሚሸጠውን አኳሪየም ሜትር ይዛችሁ ለኩት፤ ርዝመቱ 40፣ ወርዱ 25፣ ቁመቱ 25 ሴንቲ ሜትር ነው። ከሥር አራት ሴንቲ ሜትር ጠጠር አንጥፉበት፤ ከአፉ ሦስት ሴንቲ ሜትር አጉድሉለት። የቀረው ወደ 18 ሊትር ነው፤ የተለመደውን ቢጫ ጀሪካን እንኳ አይሞላም። ሃያ ነፍስ በፌስታል ተቋጥሮ የሚገባው እዚህ ውስጥ ነው!

ዓሣ የሚበላውም፣ የሚተነፍሰውም፣ የሚጸዳዳውም በአንድ ውሃ ውስጥ ነው። እዳሪውና የተረፈው ምግብ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያ ደግሞ ስንጥቡን ያቃጥላል። ይህን መርዝ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ጉዳቱ ወደሚቀንሰው ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች በፊልተሩና በጠጠሩ ላይ እስኪራቡ ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። እኛ ግን ገንዳውንም ዓሣውንም በአንድ ቀን ገዝተን፣ በሳምንቱ ሬሳ እየለቀምን «ዕድሜያቸው አጭር ነው» እንላለን። ዕድሜያቸውን ያሳጠርነው እኛ ነን!

የአዲስ አበባ ሰው ደግሞ ከማንም በላይ ሊጠነቀቅ ይገባዋል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ፣ ውሃችን የሚይዘው ኦክስጅን እኩል ሙቀት ካለው የባሕር ጠረፍ ከተማ ውሃ በሩብ ያህል ያንሳል። ለጅቡቲ ወይም ለዱባይ የሚሠራ የዓሣ ቁጥር ለኛ አይሠራም። መብራት ሲጠፋ ፊልተሩም፣ የአየር ፓምፑም፣ ማሞቂያውም አብረው ቀጥ ይላሉ። ከ22 እስከ 28 ዲግሪ ሙቀት የሚስማማው ዓሣ የኅዳርን ብርድ ታፍኖ ያድራል። ሲነጋ አፋቸውን ከውሃው ገጽ ላይ ደግነው ሲያለከልኩ ስናገኛቸው «ርቧቸዋል» ብለን ምግብ እንበትናለን፤ በመርዝ ላይ መርዝ!

ወንድ ብቻ ያልኩት በዘፈቀደ አይደለም። ጉፒ እንቁላል አይጥልም፤ ይወልዳል። ሴቷ በወር አንድ ጊዜ ያህል ሃያ፣ ሠላሳ፣ አንዳንዴም ከዚያ የበዛ ጫጩት ትወልዳለች። የወንዱን ዘር በሰውነቷ ለወራት ስለምታቆይ፣ ወንድ አጠገቧ ባይኖርም መውለዷን አታቆምም። ከሱቅ የምትመጣው ሴት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አርግዛ ነው የምትመጣው። «ለአንድ ወንድ ሁለት ሴት» የሚለው ምክር ሴቶቹን ከወንዱ ውትወታ ያሳርፍ ይሆናል፤ ትንሹን ገንዳ ግን በጥቂት ወራት ውስጥ መተንፈሻ ያሳጣዋል። «ትልልቆቹ ጫጩቶቹን ስለሚበሉ ቁጥሩ ራሱ ይመጣጠናል» የሚሉኝም አሉ። በቤታችን፣ በልጆቻችን ፊት፣ እናት ልጇን እንድትበላ ደግሰን «ተመጣጠነ» እንበል?

ከመበላት የተረፉት በሁለት ሦስት ወር ውስጥ ራሳቸው ለመውለድ ይደርሳሉ። ያኔ ሰው ባልዲ ያነሳና «ወንዝ ልልቀቃቸው» ይላል። እንዳታደርጉት! ጉፒ የደቡብ አሜሪካ ሰሜናዊ ጫፍና የትሪኒዳድ ዓሣ ነው። የወባ ትንኝ እጭ ይበላል ተብሎ በብዙ አገሮች ተለቅቆ፣ ዛሬ በየቦታው የአገሬውን ዓሣ የሚጋፋ መጤ ሆኗል። ሌላ የትም የማይገኙ የላቢዮባርበስ ዓሣ ዝርያዎች ያሉበትን ጣናን የታደለ ሕዝብ እንዲህ ያለ ቁማር መጫወት የለበትም።

«ጉፒ ጠንካራ ነው፣ ይችለዋል» የሚለው ቃል ደግሞ ከሁሉ ይብስብኛል። ጥንካሬው እኮ ሌላው ዓሣ በአንድ ቀን የሚሞትበትን ውሃ ለሳምንታት እየተሠቃየ እንዲኖርበት ነው ያደረገው። የቻለን ሁሉ መጫን መቼ ነው ነውር የሚሆነው?

ስለዚህ ልትገዙ ስትሄዱ ወንዱን ለዩ፤ አነስ ያለ፣ ባለ ቀለም፣ የሆዱ ሥር ክንፍ እንደ እሾህ የሾለ ነው። ሴቷ ወፈር፣ ደብዘዝ ያለች ናት፤ ከሆዷ በስተኋላ ጥቁር ነጥብ አለባት። እርስ በርስ እንዳይሳደዱ ገንዳው ውስጥ መደበቂያ ተክል ጨምሩ። በየሳምንቱ ሩቡን ውሃ ቀይሩ፤ የሚገባውን የቧንቧ ውሃም ክሎሪኑ እንዲወጣለት አንድ ቀን በክፍት ባልዲ አሳድሩት። ሻጩ ሰባተኛውን በነፃ ልጨምርላችሁ ቢል እንኳ እንቢ በሉት። ለ40 ሊትር ቦታ የሌለው ቤት ደግሞ ጉፒ አያስፈልገውም፤ ጉፒም እንዲህ ያለ ቤት አያስፈልገውም።