ቆሎ የለመደ እጅ ግራኖላ አያቅተውም

በቴክሳስ ሮውሌት ከተማ በሚገኙ የሀበሻ ቤቶች ልጆች ጠዋት ምን እንደሚቀምሱ የሚወስነው አብዛኛውን ጊዜ የግሮሰሪው መደርደሪያ ነው። እዚያ ካሉት ውስጥ የጤና ምግብ መስሎ የሚታየው ግራኖላ ነው። የካርቶኑ ፊት አጃና ማር ያሳያል፤ መነበብ ያለበት ግን ከጀርባው ያለው የተጨመረ ስኳር መጠን ነው። የአሜሪካ የልብ ማኅበር ዕድሜያቸው ከ2 እስከ 18 ዓመት ለሆኑ ልጆች በቀን ከ25 ግራም በታች እንዲሆን ይመክራል። በአንድ ጊዜ መጠን 12 ግራም ያለበትን ካርቶን የከፈተ ልጅ ገና በቁርስ የቀኑን ግማሽ ጨረሰ ማለት ነው፤ ደግሞ ከጨመረ የቀረውንም።

ቤት ውስጥ ሲሠራ ግን የማሩን ማንኪያ የያዙት እናት ወይም አባት ናቸው። ሦስት ኩባያ አጃ፣ አንድ ኩባያ የተከተፈ ፒካን ወይም አልሞንድ፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ማር፣ ጥቂት ዘይትና ቀረፋ አዋህዶ ትሪ ላይ ማስፋት ነው። በ300 ፋራናይት ኦቭን ውስጥ፣ መሐል ላይ እያማሰሉ፣ ወርቃማ እስኪሆን ግማሽ ሰዓት ያህል ይበቃዋል። ዘቢብ ከፈለጋችሁ ከእሳት ከወጣ በኋላ ይጨመር፤ አብሮ ከገባ ያርራል፣ ይደርቃል። አንድ ኩባያ የገብስ ቆሎም በሙቀጫ ሸክሸክ አድርጎ ያኔ መቀላቀል ነው፤ ቀድሞ የበሰለ ስለሆነ ሁለተኛ እሳት አይፈልግም። ገብስ ለጣዕም ብቻ የሚገባ እንዳይመስለን፤ እንደ አጃው ሁሉ ኮሌስትሮልን ለመቀነስ የሚረዳ አሰር አለው። ቅቤ ስለሌለበት ለጾምም ይሆናል።

ማርም እኮ ስኳር ነው የሚል ሰው ትክክል ነው። ሦስቱ ማንኪያ 50 ግራም ገደማ ስኳር አለው፤ ለአሥራ ሁለት ሰው ሲካፈል ግን ለእያንዳንዱ አራት ግራም፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ ይደርሰዋል። ፒካን ውድ ነው የሚለውም እውነት ነው፤ ሆኖም ከ1919 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቴክሳስ ግዛት ይፋዊ ዛፍ የሆነው ፒካን በመኸር ስለሚደርስ ያኔ ገዝቶ ፍሪዘር ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል። አቅም ከሌለ ለውዝና ሱፍ ይተኩታል። ጊዜ የለንም ለሚሉ ደግሞ፣ የቅዳሜ ግማሽ ሰዓት የሳምንት ቁርስ ያወጣል። በደንብ ሳይቀዘቅዝ እንዳትከድኑት፣ ይለሰልሳል። ዕድሜው ከአራት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ደግሞ ፒካኑንም ቆሎውንም ሳታደቅቁ አትስጡት፤ ሊያንቀው ይችላል።