አርብ ገበያ ላይ ያሳለፍነው ክረምትና ያልከፈልነው ዕዳ

ክረምት በገባ ቁጥር ከየግቢው የሚወጣው ተማሪ «የበጎ ፈቃድ አገልግሎት» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ካናቴራ ለብሶ ወደየአገሩ ሲበተን እናያለን። እኛም አንድ ጊዜ ከነዚያ መካከል ነበርን። በ2014 ዓ.ም. ከሐምሌ መጨረሻ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ዐሥራ አንድ ተማሪዎች ሆነን በግቢ ጉባኤያችን ስም ወደ ታች ጋይንት ወርደን አርብ ገበያ ላይ አንድ ወር ሠርተናል። ስለዚያ ወር ሪፖርት ተጽፏል፤ ፎቶግራፍም ተለጥፏል። ሪፖርቱ የሚለው ሁሉ እውነት ነው፤ ዳሩ ግን ዋናውን ነገር አይናገርም። አሁን ብዕር ያነሣነው ራሳችንን ለማመስገን ሳይሆን፥ በማኅበራችን ውስጥ ስለ ክረምት ሥራ የሚደረገው ክርክር ከሁለቱም ወገን ስቶ ስለ ታየን ነው።

አንደኛው ወገን፥ የቤተ ክርስቲያን ወጣት ሥራው መዝሙርና ትምህርተ ሃይማኖት ነው፤ ሒሳብና እንግሊዝኛ ማስተማር የመንግሥት ፈንታ ነው ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፥ የአገሩ ችግር በአንድ ወር ችግኝና በአንድ ካርቶን ሳሙና የሚፈታ ስላልሆነ የክረምት ሥራ ራስን መሸንገል ነው ይላል። ሁለቱም ወገኖች የሚከራከሩት ሻይ ቤት ተቀምጠው ነው ብለን አንሰድባቸውም፤ እኛም ብዙ ጊዜ እዚያው ከአጠገባቸው ተቀምጠናልና። ነገር ግን ሁለቱም የማይጠይቁት አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም የሄድንበት ሰው ምን ፈለገ? የሚለው ነው።

እኛም አልጠየቅንም ነበር። ሰባት ገጽ የሞላ ፕሮግራም ግቢያችን ውስጥ አዘጋጅተን ነበር የወረድነው። ጠዋት ከሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት የማጠናከሪያ ትምህርት፤ ከሰዓት በኋላ ችግኝ ተከላ፤ ዓርብ ዓርብ ደግሞ ከወላጆች ጋራ ስብሰባ። የከተማው ስም አርብ ገበያ ሆኖ ሳለ ዓርብን ለስብሰባ መምረጣችንን አንባቢ ልብ ይበልልን። በመጀመሪያው ዓርብ አዳራሹ ውስጥ እኛ ዐሥራ አንዳችን፥ አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ጸሓፊና አንድ ዝናም ያስገባው መንገደኛ ተሰብስበን ዋልን። ወላጅ ሁሉ እህሉንና ዶሮውን ይዞ ገበያ ነበረ።

የጠዋቱም ትምህርት እንዲሁ ነበር። ነሐሴ የአረም ወር ነው። ልጅ ከሆነ ከብት ይጠብቃል፤ ከፍ ካለ ያርማል። በዚያ ላይ ከነሐሴ አንድ ጀምሮ የፍልሰታ ጾም ይገባል፤ በዚያ አገር ሕፃኑ ሁሉ ጹሞ አስቀድሶ የሚቆርበው በዚህ ጊዜ ነውና ቅዳሴው እስኪወጣ ድረስ ልጅ አይገኝም። የቤተ ክርስቲያን ልጆች ነን የምንል ሰዎች ፍልሰታን ረስተን ፕሮግራም ማውጣታችን እስከ ዛሬ ያሳፍረናል።

ያዳኑን አንድ ሽማግሌ ናቸው። ልጃቸውን ፍለጋ እርሻቸው ድረስ ብንሄድ ቀና ብለው አዩንና፥ «ልጆቼ፥ ልጁን ከፈለጋችሁት አረሙን አግዙኝና ውሰዱት» አሉን። አባባላቸው ቀልድ መሰለን፤ እሳቸው ግን የምራቸውን ነበር። ከማግስቱ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ወንፈል እንደ ገባ ሰው ከልጆቹ ጋራ ማረም ያዝን። እውነቱን ለመናገር ያጠፋነው ካረምነው ሳይበልጥ አልቀረም። ጤፍ በለጋነቱ ከሣሩ አይለይምና፥ ከመካከላችን ስለ ዕፀዋት ሦስት ዓመት የተማረው ጓደኛችን አንድ መደብ ጤፍ ነቅሎ ሣሩን ትቶ ተገኘ። የስምንት ዓመት ልጅ ናት ያስተማረችው። ነገር ግን በሳምንቱ ውስጥ ከዐሥር ሰዓት እስከ ዐሥራ ሁለት ሰዓት የሚሆነው ትምህርታችን ሞላ። ልጆቹም በልተው፥ ከብቱም ገብቶ፥ ወላጆቹም ፈቅደው ነበር የሚመጡት።

ሌላም ነገር ተገለጠልን። በመጀመሪያ ያስተማርነው በሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ነበር፤ አዳራሹ ያለው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ ነው። ሁለት የሙስሊም ልጆች ደብተራቸውን ይዘው በር ላይ ቆመው ሲመለሱ ሁለት ቀን አየናቸው። በሦስተኛው ቀን ማታ በመካከላችን ብርቱ ክርክር ተነሣ። አንዳንዶቻችን፥ በሩ ክፍት ነው፤ ማን ከለከላቸው? አልን። ሌሎቻችን ደግሞ፥ የማይገቡበትን በር መክፈት ምን ይባላል? አልን። ጉዳዩን ለደብሩ አስተዳዳሪ ብናቀርብ እኛ የተከራከርንበትን ግማሽ ሌሊት እሳቸው በአንድ ቃል ጨረሱት፤ «ቍጥሩን የምታስተምሩት ከሆነ ወደ ትምህርት ቤቱ ውጡ፤ መዝሙሩ እዚሁ ይሁን» አሉን። ከዚያ ወዲያ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አንድ ክፍል ከፈቱልንና ሁሉም በአንድ ወንበር ተቀመጠ። የሃይማኖት ወጣት ሒሳብ ማስተማር አይገባውም ለሚሉት ወንድሞቻችን ያለን መልስ ይኸው ነው፤ ከኛ ይልቅ ለቤተ ክርስቲያን የሚቀርቡት ካህን አልተቸገሩበትም።

ከሁሉ የሚከብደን የዐሥራ ሁለተኛ ክፍሎቹ ነገር ነው። እንደሚታወሰው የ2014 ዓ.ም. ብሔራዊ ፈተና የተሰጠው በ2015 ዓ.ም. መባቻ፥ ለመጀመሪያ ጊዜ ተፈታኞቹ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስደው ነው። ስለዚህ ያ ክረምት ለነሱ የጭንቅ ወር ነበር። አብዛኞቹ ከወረዳቸው ወጥተው አያውቁም፤ የሚጠይቁንም ስለ ፊዚክሱ ብቻ አልነበረም፤ ማደሪያው እንዴት ነው? ምግቡስ? የሚጾም ሰው ምን ይበላል? እያሉ ነበር። ያገራችን ዘመን ከባድ እንደ ነበረ ማንም ያውቃል፤ በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ጦርነቱ ንፋስ መውጫ ድረስ ደርሶ ነበርና፥ በዚያ አካባቢ ያለ ተማሪ ዓመቱን ሙሉ ተረጋግቶ ተምሯል የሚል ካለ አንድ ቀን ሄዶ ይጠይቅ።

ከነሱ አንዲት ልጅ ነበረች። ውኃ ቀድታ፥ ምጣድ አሰምታ፥ ታናናሾቿን አስተኝታ ነበር የምትመጣው፤ ስለዚህም ሁልጊዜ የመጨረሻውን ግማሽ ሰዓት ብቻ ታገኝ ነበር። ጥያቄዋን በብጣሽ ወረቀት ጽፋ ታመጣለች፤ መልሱን ስንጽፍላት ቆማ ትጠብቃለች። ልንሄድ አንድ ቀን ሲቀረን፥ «እናንተ ስትሄዱ ጥያቄዬን ለማን ልስጥ?» አለችን። ስልክ ቍጥር ሰጠናት። እንደውልልሻለን፥ በሚመጣውም ክረምት እንመለሳለን አልናት።

ውጤቱ በጥር 2015 ሲወጣ በመላው አገሪቱ ከተፈተነው ተማሪ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ከመቶ 3.3 ብቻ ሆነ። ልጅቱም አልሞላላትም። ደወለችልን። የማሟያ ትምህርት የሚባል አዲስ ነገር ስለ ተጀመረ ማን እንደሚገባበት ጠይቁልኝ አለች። እሺ አልን። የአጋማሽ ፈተና ላይ ነበርን፤ አንዳችን ሌላው ይጠይቃል ብሎ ተወው፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ብንደውል ስልኩ አይነሣም። ለዚህ ማንንም አንወቅስም፤ ዐሥራ አንድ ሰው ሆነን አንድ ጥያቄ መጠየቅ ያቃተን እኛ ነን። በ2015 ዓ.ም. ክረምት እንመለሳለን ያልነውም በክልሉ በተነሣው ጦርነት ምክንያት ቀረ። መንገዱ መዘጋቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን መንገዱ ሳይዘጋ በፊት የነበሩትን ዐሥር ወራት የዘጋብን ማንም የለም።

ስለ ችግኙ በአጭሩ እንናገር። ቅጽሩ ውስጥ ሁለት መቶ ያህል ወይራና ጽድ ተከልን፤ ልንመለስ ስንል ፍየል የበላው ብዙ ነበር። በደቡብ ጎንደር ያሉትን የቤተ ክርስቲያን ደኖች ያጠኑት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ለደኑ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው የድንጋይ አጥር መሆኑን በሥራ አሳይተዋል፤ ከብት ካልገባ ደኑ ራሱ ይበቅላል፤ ድንጋዩም ከገበሬው ማሳ ሲለቀም እርሻው ይጸዳል። ይህን ያወቅነው ከተመለስን በኋላ ስናነብ ነው። አጥር ግን በፎቶግራፍ ላይ እንደ ችግኝ አያምርም።

ሳሙናም ወስደን ነበር። ጋይንት የድጓ ምስክር የሆነችው የቤተልሔም አገር እንደ መሆኗ የቆሎ ተማሪ ያውቃታል፤ እኛም ለአብነት ተማሪዎች ሳሙና አድለን ስለ ዓይን ማዝ ትምህርት ሰጠን። ትራኮማ ፊትን በመታጠብና አካባቢን በማጽዳት እንደሚቀነስ አስረዳን። የኔታ በትዕግሥት ሰምተውን ሲያበቁ፥ «እግዜር ይስጥልኝ፤ ሳሙናው ሲያልቅስ?» አሉ። ቀጥለውም ከጎጆዎቹ እስከ ውኃው ያለውን ቍልቍለት በእጃቸው አሳዩን። ከዚያ ቍልቍለት በእንስራ ተሸክሞ የወጣ ውኃ ለፊት መታጠቢያ እንደማይተርፍ ማንም ያየዋል። የኛ ትምህርት ሐሰት አልነበረም፤ ግን ከውኃው በፊት መጣ።

ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው ወደሚሉት ወገኖች እንመለስ። ታላላቆቻችን ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ወደየጠቅላይ ግዛቱ ሲወጡ የሚቆዩት አንድ የትምህርት ዓመት ሙሉ ነበር፤ አብዛኞቹም ያስተምሩ ነበር። ያን ጊዜም ተማሪው አጉረምርሟል፤ ነገር ግን ዓመት የቆየ ሰው አረሙንም፥ ጾሙንም፥ ገበያውንም ሳይወድ በግድ ያውቃል። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ስድሳ ሺህ ያህል ተማሪና መምህር ወደ ገጠር ሲላክ፥ ባላገሩን ሊያነቃ የሄደው ሁሉ መጀመሪያ ከባላገሩ መማር እንዳለበት ብዙው የተረዳው ዘግይቶ ነው። ከሁለቱ የምንማረው ሥራው ከንቱ መሆኑን ሳይሆን፥ ጊዜና ትሕትና ሲያጥረው ምን እንደሚመስል ነው። አገሩን የሚለውጥ ሌላ ትልቅ ነገር ያስፈልጋል የሚለው ቃል እውነት ነው፤ እኛም እንለዋለን። ግን ያ ትልቅ ነገር እስኪመጣ የዚያች ልጅ ፈተና ቀኑ አይቆይላትም።

ስለዚህ ለሚመጣው ጠቅላላ ስብሰባ ይህን እናቀርባለን። የክረምት ቡድን ሲመረጥ ለሦስት ክረምት አንድ ቦታ የሚመላለስ ይሁን፤ ይህን የማይችል ጓደኛ ከመጀመሪያው አይመዝገብ። ፕሮግራም ከመጻፉ በፊት በሚያዝያ ወር ለአካባቢው ሰንበት ትምህርት ቤትና ለትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ይጻፍ፤ መልሱ ሳይመጣ አንድም ገጽ አይታተም። የካናቴራው ገንዘብ ለስልክ ካርድና ለተባዛ የጥያቄ ወረቀት ይዋል። ከሄድንበት አገር ዐሥራ ሁለተኛን ጨርሰው እዚያው የቀሩ ወጣቶች ከኛ እኩል አስተማሪ ሆነው ይመደቡ፤ እኛ ስንሄድ የሚቀሩት እነሱ ናቸውና። ከዓመት ዓመት ጥያቄ የሚቀበልና የሚመልስ አንድ ሰው በስሙ ይሾም፤ «ቡድኑ ይመልሳል» የሚባለው ነገር የማንም አለመሆኑን በራሳችን አይተናል።

መንገዱ ዝግ ነው የሚለን ይኖራል። በክልሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በሮቻቸው ተዘግተው መሰንበታቸውን እናውቃለን፤ ማንም ሕይወቱን አደጋ ላይ ጥሎ ይሂድ አንልም። ግን በአንድ ጊዜ ተባዝቶ፥ ወደ አካባቢው በሚሄድ ሰው እጅ የሚላክ የሒሳብ ጥያቄና መልስ ካናቴራ አይፈልግም። በዚያ ክረምት ያስተማርናቸው ልጆች ስም የተጻፈበት መዝገብ እኛ ዘንድ አለ፤ ባለ አርባ ስምንት ገጽ ደብተር ነው፤ ከስማቸው ፊት ለፊት የክፍላቸው ቍጥርና በቤታቸው ስልክ ያላቸው ሰዎች ተጽፈዋል። ይህን ሥራ ሊጀምር የሚወድ አባል ካለ ደብተሩን ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት መውሰድ ይችላል። የመጀመሪያዎቹን አምስት ቍጥሮች በዚህ ሳምንት እኛ ራሳችን እንደውላለን።