የሰንጢው መጋዝ ወይስ የባለ ፒንሳው?

በክበባችን ለእግር ጉዞ በተጠራቀመው ገንዘብ አንድ መሣሪያ ለመግዛት ታስቦ አባሎቹ በሁለት ወገን ተከፍለዋል። አንዱ ወገን ባለ ፒንሳውን ሌዘርማን፤ ሌላው ቀዩን የስዊስ ሰንጢ ይመርጣል። ክርክሩ ሁሉ ስለ ቢላዋው ስለት ነው። እኔ ግን አስቀድሞ መመርመር የሚገባው መጋዙ ነው እላለሁ፤ ለድንኳን ካስማ ወይም ለምርኩዝ የሚሆን እንጨት በቢላዋ ለመቁረጥ የሚታገል ሰው ከእንጨቱ በፊት ጣቱን ይቆርጣልና።

በሁለቱም ላይ መጋዙ ኋላ የመጣ እንግዳ ነው። የስዊስ ጦር በ1891 እ.ኤ.አ. ከካርል ኤልስነር የተረከበው ሰንጢ ቆርቆሮ ለመክፈትና ጠመንጃ ለመፍታት የታሰበ ነበር፤ ለገበያ በሚሸጡት ላይ መጋዝ ቀድሞ ቢኖርም፤ የተራው ወታደር ሰንጢ የእንጨት መጋዝ ያገኘው በ2008 እ.ኤ.አ. ነው። ቲም ሌዘርማን በ1975 እ.ኤ.አ. በአሮጌ መኪና አውሮፓን ሲዞር ያሰበውና በ1983 ለሽያጭ ያወጣው መሣሪያም ሞረድ እንጂ መጋዝ አልነበረውም።

የመጋዛቸው ርዝመት በብዙዎቹ ላይ 7 ሳንቲሜትር ያህል ነው። እንግዲህ ሒሳቡን ተመልከቱ። የ3 ሳንቲሜትር እንጨት ስትቆርጡ ለመሳብና ለመግፋት 4 ሳንቲሜትር ይቀርላችኋል፤ እንጨቱ 5 ሳንቲሜትር ከሆነ ግን የሚቀረው 2 ብቻ ነው። ያን ጊዜ ሰጋቱራው ከጥርሶቹ መካከል መውጫ አጥቶ መጋዙ ይታፈናል። እርጥብ ባሕር ዛፍ ከሆነማ ጭራሽ ይነክሰዋል። የስዊሱ መጋዝ ከጥርሱ በኩል ወፈር፤ ከጀርባው ሳሳ ብሎ በመሠራቱ መነከሱን ይቀንሳል። በአቆራረጥ በኩል ከሌዘርማኑ አያንስም፤ እንዲያውም መያዣው ለእጅ ይመቻል። የሌዘርማኑ ብረት ጠርዝ ግን ትንሽ እንደ ሠሩበት መዳፍ ያቆስላል። ክብደቱም ቢሆን ዌቭ የተባለው 241 ግራም ሲመዝን ባለ መጋዙ ሰንጢ 100 ግራም ገደማ ነው፤ ዋጋውም ከእጥፍ ይበልጣል።

ይህን ሁሉ ተናግሬ ለሌዘርማኑ ድምፄን መስጠቴ ጓደኞቼን ሳያስገርም አይቀርም። ምክንያቴ አንድ ነው፤ እርሱም ቁልፉ ነው። የዌቭ መጋዝ ከተዘረጋ በኋላ ይቆለፋል። የትንሹ ሰንጢ መጋዝ ግን የሚቆመው በሞላ ኃይል ብቻ ስለሆነ፤ አለመጠን ሲገፋ ወይም ጫፉ እንጨቱ ውስጥ ሲሰነቀር ታጥፎ በጣት ላይ ይወድቃል። የለመደ ሰው ሲስብ ኃይሉን ሰጥቶ ሲገፋ ያላላል። የክበቡ መሣሪያ ግን በአንድ ሰው ኪስ የሚቀመጥ አይደለም፤ መጋዝ ይዞ ከማያውቅ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ እጅም ይገባል። ወላጆችም ስለ መዋጮው ሲጠይቁ፤ ትርፉ ገንዘብ ለዚህ ቁልፍ የተከፈለ መሆኑ ይነገራቸው።

ለራሱ የሚገዛ ግን ሰንጢውን ይግዛ። ከክንድ የሚወፍር እንጨት ለመቁረጥ የሚያስብ ደግሞ ሁለቱንም ትቶ ታጣፊ የዛፍ መጋዝ ይፈልግ።