መልክ አደራ ነው



የሞተውን ዘመድ ለልጅ ልጅ ለማሳየት፣ በየቤታችን ግድግዳ ላይ በመስተዋት ተሸፍኖ የተሰቀለውን ፎቶግራፍ የሚተካከል ነገር የለም። አያቱን በሕይወት ያላየ ልጅ የአያቱን ግንባርና የዓይኑን አኳኋን የሚያውቀው ከዚያ ሥዕል ነው። ስለዚህ ፎቶግራፍ የቤት ጌጥ ብቻ ሆኖ የሚቈጠር አይደለም፤ የቤተ ሰብ ቅርስ ነው። ዛሬ በዚህ ዓምድ ልንነጋገርበት የወደድነው ጕዳይ ግን እኛው ራሳችን ስለምናስነሣው ፎቶግራፍ አይደለም። መንገደኛ ከሩቅ መጥቶ የማያውቀውን ሰው መልክ ባነሣ ጊዜ በሁለቱ መካከል ስለሚኖረው አደራ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዓመት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ነው።)

በአገራችን የፎቶግራፍ ሥራ አስቀድሞ ያደገው በቤተ መንግሥት ዙሪያ ነው። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጅያን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆኖ ሠራ፤ ከእርሱም በኋላ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒ የአባታቸውን ሙያ ወርሰው ነገሥታቱንና መኳንንቱን አነሡ። በእንደነዚህ ያሉ ሥዕሎች ውስጥ በወንበር የተቀመጠው ማን እንደ ሆነ፣ በቀኙ የቆመው ምን ማዕርግ እንደ ነበረው፣ ዛሬም ጠይቆ ለማወቅ ብዙ አያስቸግርም። በገጠር የተነሣው ሰው ዕድል ግን ሌላ ነበር። ከእርሱ ሥዕል በታች «የካፋ ሰው» ወይም «ውሃ የምትቀዳ ሴት» ተብሎ ከመጻፉ በቀር የራሱም ሆነ የአባቱ ስም ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ኦስትሪያዊው ፍሪድሪሽ ዩልዩስ ቢበር በ1905 ወደ ካፋ በገባ ጊዜ፣ የካፋ መንግሥት ነጻነቱን ካጣና ንጉሡ ጋኪ ሼሮቾ ከተማረከ ገና ስምንት ዓመት ነበር። ቢበርም ያየውንና የሰማውን ሰብስቦ በ1920 እና በ1923 በሁለት ክፍል ያሳተመው መጽሐፍ፣ ስለ ጥንታዊው የካፋ መንግሥት ለሚመረምር ሁሉ እስከ ዛሬ የማይታለፍ ምንጭ ሆኗል። ነገር ግን መጽሐፉ በጀርመን ቋንቋ ተጽፎ በኤውሮፓ የታተመ በመሆኑ፣ የተነገረለት የካፋ ቤተ ሰብ ራሱ ገልጦ ሊያነበው አልቻለም። ትልቅ ሥራ ተሠርቶ እንኳ የባለቤቱ ድርሻ ሊጎድል እንደሚችል ከዚህ እናስተውላለን።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ይህንኑ የጉዞና የማስረጃ ፎቶግራፍ ሥራ ሁለት ሴቶች ጎን ለጎን ሆነው ያዙት። አንደኛይቱ አሜሪካዊቱ ካሮል ቤክዊዝ፣ ሁለተኛይቱ አውስትራሊያዊቱ አንጄላ ፊሸር ናቸው። ወይዘሮ ካሮል አስቀድማ ሥዕል የተማረች ስትሆን፣ ስለ ማሳይ ሕዝብ ከማሳዩ ተወላጅ ከተፒሊት ኦሌ ሳይቶቲ ጋር በ1980 መጽሐፍ አሳትማ ነበር። ወይዘሮ አንጄላም ስለ አፍሪካ ሕዝቦች ጌጣጌጥና አለባበስ ለብዙ ጊዜ ደክማ በ1984 ትልቅ መጽሐፍ አውጥታለች። ሁለቱ በ1978 በኬንያ አገር ተገናኝተው ሥራቸውን ካስተባበሩ ወዲህ፣ ከ40 ዓመት ለሚበልጥ ዘመን የአፍሪካን ሕዝቦች የልደት፣ የጕልምስና፣ የጋብቻና የቀብር ሥርዓት በፎቶግራፍ መዝግበዋል። በ1990 «አፍሪካን አርክ» የተባለውን መጽሐፍ ስለ ኢትዮጵያና ስለ አፍሪካ ቀንድ አሳተሙ፤ ጽሑፉን የጻፈው ግራሃም ሃንኮክ ነው። በ1999 ደግሞ «አፍሪካን ሴሬሞኒስ» የተባለውን ባለ ሁለት ክፍል መጽሐፍ አወጡ። በእነዚህ መጻሕፍት ላይ የሁለቱም ስም ጎን ለጎን ታትሟል።

ሁለት ሆኖ መሥራት ምን ይጠቅማል ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ለብቻው የሚጓዝ ሰው ዓይኑን በፎቶግራፍ ማንሻው ላይ ሲተክል ከፊቱ ያለውን ሰው ማነጋገር ይሳነዋል፤ ሁለት ከሆኑ ግን አንዱ ሥራውን ሲሠራ ሌላው ከቤቱ ባለቤት ጋር ይጫወታል፣ ልጅ ያቅፋል፣ ስም ይጠይቃል። ከዚህም በላይ ሁለቱ ወይዛዝርት ሴቶች መሆናቸው ወንድ መንገደኛ ሊገባበት ወደማይችለው ወደ ሴቶች ጓዳና ወደ ሙሽራ ቤት እንዲገቡ እንደ ረዳቸው ራሳቸው ተናግረዋል።

ከሥራቸው አንዱ ክፍል ለካፋ አገር ቅርብ ነው። የሱርማ ሕዝብ የሚኖርበት የማጂ ምድር ለረጅም ዘመን ከካፋ አውራጃዎች አንዱ ሆኖ ሲተዳደር የኖረ ነው። ሁለቱ ሴቶች ወደዚያ ዘልቀው የሱርማ ወጣቶች ገላቸውን በነጭ አፈር ሲቀቡ፣ ጕልማሶች በዱላ ሲጋጠሙ፣ ሴቶች በከንፈራቸው ሸክላ ሲያደርጉ አነሡ፤ ከሥዕሎቹም አያሌዎቹ በየካቲት 1991 በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ታትመው በዓለም ታዩ።

ይህን ሥራ የነቀፉ ሰዎች አሉ። አንዳንዶቹ ሥዕሎቹ ውብ ውቡን ብቻ መርጠው የዕለት ኑሮን ችግር ይሸፍናሉ አሉ። አንዳንድ የአገራችን ሰዎች ደግሞ ልብስ ያልለበሰ ወገናችንን ለውጭ ሰው ማሳየት ውርደት ነው ብለው ተቈጡ። የመጀመሪያው ነቀፋ ሊመረመር የሚገባው ነው። ስለ ሁለተኛው ግን የምንለው አለን። ሱርማው በአገሩ ሥርዓት ተውቦ ቢታይ አያፍርበትም፤ ውርደት የሚሆንበት ስሙ ሳይጠየቅ፣ ፈቃዱ ሳይታወቅ፣ እንደ ዱር እንስሳ ታይቶ ሲታለፍ ነው።

ከእነርሱ በኋላ የሆነው ነገር ይህንኑ ያስረዳል። ብዙ ጎብኚዎች እነዚያን የመሰሉ ሥዕሎች በማየት ወደ ሱርማና ወደ ጎረቤታቸው ወደ ሙርሲ አገር ይጎርፉ ጀመር። የሙርሲን ሕዝብ ለብዙ ዓመታት ያጠናው እንግሊዛዊው ምሁር ዴቪድ ተርተን በ2004 ባሳተመው ጽሑፍ፣ በጎብኚዎችና በሙርሲዎች መካከል ያለው ግንኙነት ምን ያህል ቅር የሚያሰኝ እንደ ሆነ ገልጿል። መንገደኛው ከአውቶሞቢሉ ይወርዳል፣ ሥዕሉን ያነሣል፣ ዋጋውን ቈጥሮ ይሰጣል፣ ይሄዳል። የተነሣችውም ሴት ገንዘቡን ብትቀበልም ይህ ሁሉ ሰው ሥዕሏን ለምን እንደሚፈልገው አይገባትም። ለሥርዓት ይደረግ የነበረው ጌጥ ለገበያ የሚደረግ ሆነ። በዚህ ላይ ገንዘብ አልጠፋም፤ የጠፋው ጊዜና መተዋወቅ ነው።

እንግዲህ ይህ ጕዳይ ወደ ማንኪራ ያደርሰናል። ማንኪራ በቦንጋ አቅራቢያ በዴቻ ወረዳ የሚገኝ ደን ያለበት ቀበሌ ሲሆን፣ የአገሩ ሰዎች የቡና መገኛ ነው ብለው የሚመኩበት ስፍራ ነው። በዚያ «የቡና እናት» ተብሎ የሚጠራ አሮጌ የቡና ዛፍ ለእንግዳ ይታያል። ዩኔስኮ በ2010 የካፋን ምድር ከደኑ ጋር በዓለም ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ ካስገባው ወዲህ፣ ፎቶግራፍ ማንሻ በትከሻው አንግቶ የሚመጣው መንገደኛ እየበዛ ሄዷል። በ2021 ቦንጋ የአዲሱ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ከሆነች በኋላም ለሥራ የሚመላለሰው ሹም ጥቂት አይደለም።

መንገደኛው በማንኪራ ምን ያነሣል? ዛፉን ያነሣል። ቀጥሎም ከታላላቅ ዛፎች ጥላ ሥር ቀይ ፍሬ የምትለቅመውን ሴት፣ ቀፎ ለመስቀል ግንድ የሚወጣውን ጐልማሳ፣ ኮረሪማና ጥምዝ ይዛ ወደ ገበያ የምትሄደውን ልጃገረድ ያነሣል። ወደ አገሩም በተመለሰ ጊዜ ስለ ዛፉ ብዙ ይናገራል፤ የለቃሚዋን ስም ግን አያውቅም። ዛፉ ስም አለው፤ ዛፉን ለብዙ ትውልድ ጠብቃ ያቈየችው ቤተ ሰብ ግን ስም የላትም። እንዲህ ያለው ሥዕል፣ መልኩ ያማረ ቢሆንም ጎደሎ ነው። ፎቶግራፍ አንሺው ብቻውን የሚሠራው ሥዕል የለምና፤ የተነሣው ሰው ፊቱንና ጊዜውን ባይሰጥ አንሺው ምን ሊያሳይ ይችል ነበር? በመጽሐፍ ሽፋን ላይ የሁለት አንሺዎች ስም ጎን ለጎን እንደሚጻፍ፣ የተነሣው ሰው ስምም ከሥዕሉ ሥር ሊጻፍ ይገባል።

ስለዚህ ወደ ማንኪራም ሆነ ወደ ሌላ ገጠር የምትጓዙ አንባቢዎቻችን የሚከተለውን እንድታስቡበት እንወዳለን።

አንደኛ፤ ሳታስፈቅዱ አታንሡ። በተለይ ሹማምንት ሆይ፣ የባለ ሥልጣን ልመና በባላገር ጆሮ እንደ ትእዛዝ እንደሚሰማ አትዘንጉ። በማንኪራ የቤት ቋንቋ ካፊኖኖ ስለ ሆነ፣ የአገሩን ሰው በመካከል አድርጋችሁ «አልወድም» ለማለት በሚያመች አነጋገር አስጠይቁ። ልጅ ከሆነ እናቱን ወይም አባቱን ጠይቁ። እንቢ ያለ ሰው ቢኖር አመስግናችሁ እለፉ።

ሁለተኛ፤ አስቀድማችሁ ተቀመጡ። ቡና አፍልታ የምታስተናግድ የቤት እመቤት ባለችበት አገር፣ ቡናው ሳይጠጣ ፎቶግራፍ ማንሻ መምዘዝ ነውር ነው። ከቡናው በኋላ የሚነሣ ፊት ደግሞ እንደ ተደናገጠ ሰው ፊት አይደለም። በደን ውስጥ ብርሃኑ ደብዘዝ ያለ ስለ ሆነ፣ እጃችሁ ሳይንቀጠቀጥ ለማንሣትም መረጋጋት ይጠቅማችኋል።

ሦስተኛ፤ ስም ጻፉ። የሰውየውን ስም ከነአባቱ፣ ቀበሌውን፣ ቀኑን፣ በዚያች ሰዓት ይሠራ የነበረውን ሥራ መዝግቡ። የወረቀት ሥዕል ከሆነ በጀርባው ላይ በለስላሳ እርሳስ ሳትጫኑ ጻፉ፤ ቀለም ከጊዜ በኋላ ወደ ፊት ዘልቆ ሥዕሉን ያበላሻል። በእጅ ስልክ ያነሣችሁትንም ስሙን በማስታወሻ ሳትጽፉ አትተዉት። ይሁንና ሥዕሉን ለሕዝብ ስታወጡ ስሙ አብሮ እንዲወጣ ባለቤቱ መፍቀዱን ጠይቁ።

አራተኛ፤ ሥዕሉን መልሱ። በፊልም ይነሣ በነበረበት ዘመን ፊልሙ በሩቅ ከተማ እስኪታጠብ ድረስ የተነሣው ሰው መልኩን ማየት አይችልም ነበር፤ አንሺውም «መንገዱ ራቀብኝ» የሚል ምክንያት ነበረው። ዛሬ ሥዕሉ ወዲያው ይታያል፤ በየከተማውም በወረቀት ማሳተም ይቻላል። በስልክ አሳይቶ መሄድ ግን መመለስ አይደለም። በወረቀት አሳትማችሁ፣ የምድጃ ጢስ እንዳያጠቍረው በፖስታ ሸፍናችሁ፣ በትምህርት ቤቱ መምህር ወይም ወደዚያ በሚሄድ ሰው እጅ ላኩ።

ይህ ሁሉ ለሩቅ ሰው ብቻ የሚደረግ እንዳይመስለን። በየሳጥናችን ውስጥ ስማቸው ያልተጻፈ ስንት የአያቶቻችን ሥዕሎች አሉ! ዛሬ «ይህ ማን ነው?» ብንል የሚነግሩን እማማና አባባ በሕይወት አሉ፤ ነገ ግን ላይኖሩ ይችላሉ። እንግዲህ በሚመጣው የዕረፍት ቀን ልጆችን ሰብስባችሁ፣ ሥዕሎቹን በምንጣፍ ላይ ዘርግታችሁ፣ ከቤቱ ሁሉ በዕድሜ የበለጡትን እየጠየቃችሁ አንድ በአንድ ጻፉ። ያን ጊዜ ልጆቻችሁ የአያታቸውን መልክ ብቻ ሳይሆን ታሪኩንም ይወርሳሉ።

በአገራችን ሰው የሰጠውን ዕቃ ያልመለሰ «አደራ በላ» ይባላል። መልክ ደግሞ ከዕቃ ሁሉ ይከብዳል። በማንኪራ ደን ውስጥ ቅርጫቷን አስቀምጣ ወደ እናንተ የተመለከተችው ሴት የሰጠቻችሁ ይህንኑ አደራ ነው። ስሟን ጠይቃችሁ፣ መልኳን በወረቀት አድርጋችሁ ወደ ቤቷ ብትልኩላት፣ የልጅ ልጇ አንድ ቀን ከግድግዳው ላይ አይቶ «ይህች አያቴ ናት» ለማለት ይችላል።